በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፤ የጀልባ ሞተር ስትገዙስ?



ዛሬ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ተምች አልጽፍም። በጣና ዙሪያና በደሴቶቹ ያላችሁ አርሶ አደሮችና ዓሣ አስጋሪዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያገለገለ የጀልባ ሞተር አግኝተናል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው፣ እንግዛው ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ሐሳቤን እዚህ ሰፋ አድርጌ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ከሐይቁ ርቃችሁ ያላችሁም አንብቡት። ያገለገለ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ የምትገዙ ከሆነ አብዛኛው ነገር ለእናንተም ይሠራል።

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። አሮጌ ሞተር መግዛት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ስም የሌለው ሞተር መግዛት ነው። የት እንደተሠራ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ከማን እጅ እንደመጣ የማይታወቅ ሞተር በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ውድ ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ሰው አስከስሬ ነው የተማርኩት።

እኔ «ፍጠኑ» ያልኩበት ቀን

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቀበሌ ሰባት አርሶ አደሮች ተደራጁ። በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ። ሽንኩርቱን በአህያ ጭነው እስከ አስፋልት ለማድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በጀልባ ግን ጠዋት ተነስተው ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ይገባሉ። ጀልባዋ ነበረቻቸው፤ የቀራቸው ሞተር ነው። አንዱ በሬ ሸጠ፣ አንዱ ዕቁብ ወጣለት፣ ሌሎቹም ተበድረው ገንዘቡን ሞሉ።

ደላላው ሞተር ይዞ መጣ። ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «40» ተጽፏል። ሞተሩ ጀልባ ላይ የሚታሰርበት ብረት ላይ ግን የስም ሰሌዳው የለም፤ ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። «ይሄስ?» አልኩት። «ባለሙያው፣ መንገድ ላይ ተላቆ ወድቆ ነው፤ ሰሌዳ አይነዳ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሽንኩርቱ ደርሶ ስለነበር «በሉ ፍጠኑ፣ ገበያው እንዳያመልጣችሁ» አልኳቸው። ገዙ።

አራት ወር ሠሩበት። አንድ ቀን ጀልባ መቆሚያው ላይ አንድ ሰው መጥቶ ሞተሩን ትክ ብሎ አየው። ሽፋኑን እንዲከፍቱለት ጠየቀ። ከፈቱለት። ከውስጥ ካለች ክብ ብረት ላይ ቁጥር አነበበና ስልኩ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያየው። አንድ ነው። ሞተሩ ከእሱ የተሰረቀ ነበር። ፖሊስ መጣ፣ ሞተሩ ተወሰደ። የደላላው ስልክ «ጥሪ አይቀበልም» ሆነ። በኋላ መካኒክ እንደነገረን ሞተሩ 40 እንኳ አልነበረም፤ 30 ነበር። «40» የሚለው ከላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

የዚያ ዓመት ሁለተኛው ሽንኩርት ማሳ ላይ እያለ ነጋዴ በጠራው ዋጋ ተሸጠ። ዕዳ ለመክፈል ሁለተኛውን በሬ የሸጠም ነበር። ከሰባቱ በዕድሜ የሚበልጡት አባት አልተቆጡኝም። እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በሬ ልገዛ ስሄድ አንተን አላማክርም፤ ጥርሱን ራሴ አየዋለሁ። የሞተሩን ጥርስ ግን አንተ ታይልናለህ ብለን ነበር።»

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ይህን ጽሑፍም ያጻፈችኝ እሷ ናት።

እርጅናው አይደለም ችግሩ

ሞተር በጣና ላይ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ለዓሣ ማስገር የሚሆኑ ባለሞተር ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች በልማት ፕሮግራም በኩል ወደ ሐይቁ የገቡት በ1978 ዓ.ም. አካባቢ (በፈረንጆቹ 1986) ነው። ከዚያ በፊት ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር፤ ዛሬም አለ። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ አሮጌ ሞተርና በአሮጌ ሞተር እጁን ያፍታታ መካኒክ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ባለ ሁለት ምት የሚባለው አሮጌ ሞተር አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተር የለውም። ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ ፒስተን፣ የውኃ ፓምፕና ጥርስ ነው። በደንብ የተያዘ እንደሆነ ሃያ ዓመት አልፎትም ይሠራል። አዲስ ሞተር መግዛት የብዙዎቻችሁ አቅም እንዳልሆነም አውቃለሁ። ስለዚህ «አሮጌ አትግዙ» የሚል ምክር ምክር አይደለም፤ «ድሃ አትሁኑ» እንደማለት ነው።

የእኔ ምክር ሌላ ነው። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ታስኬዱታላችሁ፣ ሻኛውን ትዳስሳላችሁ፣ «የማን በሬ ነው?» ብላችሁ ሰፈሩን ትጠይቃላችሁ። ለሞተርም ይህንኑ አድርጉ ነው የምለው።

የሞተሩ ስም የት ነው ያለው?

አንደኛ፣ ሞተሩ ጀልባ ላይ በሚታሰርበት ብረት ጎን ላይ ትንሽ ሰሌዳ ወይም ተለጣፊ አለ። እዚያ ላይ የሞዴሉ ስምና የሞተሩ ተከታታይ ቁጥር ይገኛል። ሰሌዳው ከሌለ፣ በሞረድ ከተፋቀ ወይም ሰሌዳው አርጅቶ ማሰሪያው ብቻ አዲስ ከሆነ እዚያው ቁሙ።

ሁለተኛ፣ ሽፋኑን ክፈቱ። በብዙ ሞተሮች ብሎኩ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ የብረት መድፈኛ አለች፤ ተከታታይ ቁጥሩ እዚያም ላይ ተመትቷል። ሌባ የውጩን ሰሌዳ ነቅሎ ይጥላል፤ ይህችን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳታል። የውጩና የውስጡ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ካልተመሳሰለ ወይ የሁለት ሞተር ቅልቅል ነው፣ ወይ ታሪኩ ሌላ ነው። ሻጩ በወረቀት የሚያስረዳ ምክንያት ካለው እሺ፤ ከሌለው ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስም አትበሉት። ሽፋን ይቀየራል፣ ወረቀት ይለጠፋል። በዚያ ላይ አንዳንድ ሞተሮች አካላቸው አንድ ሆኖ ጉልበታቸው ይለያያል። ለምሳሌ 9.9 እና 15 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ብዙ ሞተሮች በአንድ ዓይነት ብሎክ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ካርቡራተሩን በመሰለ ጥቂት ዕቃ ላይ ነው። በዓይን አይለዩም። የሚለየው የሞዴል ስሙ ነው።

ጆንሰን ወይም ኤቪንሩድ የሚባል አሮጌ ሞተር ካጋጠማችሁ ደግሞ ዕድሜውን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ከፈረንጆቹ 1980 ሞዴል ጀምሮ ዓመቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተደብቆ ነው የተጻፈው። ቁልፉ እንዲህ ነው፦ አይ 1፣ ኤን 2፣ ቲ 3፣ አር 4፣ ኦ 5፣ ዲ 6፣ ዩ 7፣ ሲ 8፣ ኢ 9፣ ኤስ 0። አብዛኛውን ጊዜ የሞዴሉ የመጨረሻ ፊደል ዓመት አይደለም፤ ዓመቱ ከእሱ በፊት ያሉት ሁለት ፊደሎች ናቸው። እነሱ «ሲ» እና «ዩ» ከሆኑ 8 እና 7፣ ማለትም የ1987 ሞዴል ነው። ሻጩ «አምስት ዓመቱ ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ስለ እነዚህ ሁለት ስሞች አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱንም ይሠራ የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2000 መጨረሻ ከሰረ። የገዛው ሌላ ኩባንያም የኤቪንሩድን ማምረት በ2020 አቆመ። ሞተሩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን መለዋወጫው ባለበት ሀገር የሚኖር ሰውና እናንተ እኩል አይደላችሁም። ከመግዛታችሁ በፊት የውኃ ፓምፕ ጎማና ካንዴላ በቅርብ ከተማ እንደሚገኝ አረጋግጡ። በአካባቢያችሁ ሰው ሁሉ የሚይዘውን ዓይነት ሞተር መያዝ ብልህነት ነው፤ ሲበላሽ ጎረቤት ዕቃ ያውሳችኋል።

ያማሃ ከሆነ ደግሞ የመለዋወጫው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው ለየትኛው ሞተር እንደተሠራ ይናገራሉ። የሞተራችሁን ሞዴልና ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ካልያዛችሁ ዕቃ ሻጩ «ይሄ ይሆናል» ብሎ የማይገጥም ይሰጣችኋል። ከዚያ ደግሞ «ይጠረብና ይግባ» ይባላል። ሞተር የሚሞተው እንዲህ ነው።

ጀልባዋንም አትርሱ። በአሜሪካ ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ በኋላው በቀኝ በኩል 12 ምልክት ያለው መለያ ቁጥር አለው። እዚሁ ሀገር በብየዳ የተሠራች ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ላይኖራት ይችላል። ያን ጊዜ የሠራትን ብየዳ ቤት ጠይቁ፤ ለማን እንደሠራት ያውቃል።

ጥርሱን እዩ

ስሙ ከታወቀ በኋላ ጤናው ይታያል። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ መካኒኩን ግን እናንተ ምረጡት፣ ደላላው አይምረጥላችሁ። የሚከተሉትን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

1. ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። አሮጌ ሞተር ሲሞቅ ችግሩን ይደብቃል። «ቀዝቅዞ ነገ እንይው» በሉ።

2. «በደረቁ ላስነሳላችሁ» ካለ እምቢ በሉ። የውኃ ፓምፑ ጎማ ያለ ውኃ ሲዞር ወዲያው ይቃጠላል። ሐይቅ ላይ ወይም ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ነው የሚነሳው።

3. ከተነሳ በኋላ ከጎኑ በቀጭኑ የሚፈስ ውኃ መታየት አለበት። ካልፈሰሰ፣ ወይም ጠብ ጠብ ብቻ ካለ፣ ማቀዝቀዣው አይሠራም። ቶሎ አጥፉት።

4. ከታች ካለው የጥርስ ቤት ዘይቱ ትንሽ ይፍሰስ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የዘይት መያዣ ጎማው አልቋል። የብረት ስንጣሪ ካለበት ጥርሱ እየተበላ ነው። ይህን ማደስ ውድ ነው።

5. ፕሮፔለሩን አስፈትታችሁ ዘንጉን እዩ። የመረብ ክር ተጠምጥሞበት ከሆነ ክሩ የዘይት መያዣውን ሳይቆርጠው አልቀረም። በእኛ ሐይቅ ይህ የተለመደ ነው።

6. ካንዴላዎቹ ወጥተው ኮምፕሬሽን ይለካ። የሁሉም ሲሊንደር ልኬት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ከአሥር በመቶ በላይ ካነሰ ውስጡ ችግር አለ። መለኪያ የሌለው መካኒክ በገመዱ ክብደት ብቻ ይገምታል፤ እሱ አይበቃም።

7. ወደፊት፣ ባዶና ወደኋላ ካምቢዮው ይፈተሽ። ወደፊት ገብቶ ጭነት ሲኖር የሚዘል ከሆነ ነገ ወጀብ ውስጥ ይዘልባችኋል።

8. አዲስ ቀለም ከመሰላችሁ የቡሎኖቹን ጉድጓድ እዩ። አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት፣ ቡሎኖቹ ላይ ክፉ ዝገት ካለ ሞተሩ የጨው ባሕር ላይ ኖሯል። ጣና ጨው የለውም፤ የገባው ዝገት ግን ሥራውን አያቆምም። በየማዕዘኑ ደለል ካገኛችሁ ደግሞ ሰጥሞ የወጣ ሊሆን ይችላል።

የጀልባዋን ቀፎ በተመለከተ፣ ብረት ከሆነች ወለሉን አንስታችሁ ከሥር እዩ፤ የምትዝገው ከማይታየው ቦታ ነው። ፋይበር ከሆነች ሞተር የሚታሰርበትን የኋላ ግንብ በእጃችሁ ኳኩ። ጠንካራ ድምፅ መስጠት አለበት። ድፍን ብሎ ከሰማችሁት ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል። ሞተሩን ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ግንቡ አብሮ ከተወዛወዘ ተዉት።

ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም

እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። «40 ነው፣ ያፈጥናል» ትላላችሁ። ጭነት የያዘች ከባድ ጀልባ ውኃውን እየገፋች ነው የምትሄደው፤ ጉልበቱን በእጥፍ ብትጨምሩ ፍጥነቷ በእጥፍ አይጨምርም። የሚጨምረው ቤንዚኑ ነው። ባለ ሁለት ምት 15 ሞተር ሙሉ ጋዝ ላይ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ሊትር አካባቢ ሲበላ፣ 40 የሚሆነው 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ይበላል። ቤንዚን በሚጠፋበት ጊዜ ይህ ልዩነት የሥራና የሥራ ማቆም ልዩነት ነው።

እውነት ነው፣ የእኛ አየር ቀጭን ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 15 ያለው እኛ ጋ 12 ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት ግን 40 ግዙ ማለት አይደለም። ጥርቡ አነስ ያለ ፕሮፔለር ማድረግና ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል ብዙውን ችግር ይፈታል። ከዝቅተኛ ሀገር የመጣ ሞተር እኛ ጋ ጥቁር ጭስ ሲያጨስና ካንዴላ ሲያጠቁር ሞተሩ ሞቷል ብላችሁ አትሸበሩ፤ ቤንዚን በዝቶበት ይሆናል።

የእግሩን ርዝመትም ለኩ። አጭር እግር 38 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅም እግር 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚለካው ጀልባዋ ላይ ከሚቀመጥበት ቦታ እስከ ፕሮፔለሩ በላይ እስካለው ጠፍጣፋ ብረት ድረስ ነው። ያ ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይመታል፤ በጣም ዝቅ ካለ ሞተሩ ውኃ እየገፋ ይደክማል፣ ደለልም ይነካል።

ዘይቱም ስሙን ይከተላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ነው የሚፈልጉት፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ቆየት ያሉት ደግሞ የዚህን እጥፍ ይፈልጋሉ። ባለ አራት ምት ከሆነ ግን የዘይት መለኪያ ዘንግ አለው፤ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አይገባም። የሞተሩን ስም የማያውቅ ሰው ይህን እንዴት ያውቃል? በግምት ይቀላቅላል። ዘይት ያነሰው ሞተር ደግሞ መሀል ሐይቅ ላይ ነው የሚነክሰው። ዘይቱም «ቲሲ ደብልዩ 3» የሚል ምልክት ያለው፣ ለጀልባ ሞተር የተሠራ ይሁን እንጂ ከመኪና የተቀዳ አይሁን።

ወረቀቱ

የመኪና ሊብሬ የሌለው ሰው መኪና ቢሸጥላችሁ ትገዛላችሁ? ሞተርም እንዲሁ ነው። የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና ብትገዙትም ባለቤቱ ሲመጣ ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል፤ «አላወቅሁም» ማለት ገንዘቡን አይመልስም። ስለዚህ ፦

ውል በጽሑፍ ይሁን። ሞዴሉ፣ የውጩና የውስጡ ቁጥር፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ ዋጋው ይጻፍ። ሻጩ ራሱ ይፈርም እንጂ ደላላው ብቻ አይፈርም። የሻጩ መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ፤ ምስክሮች ይፈርሙ። ከተቻለ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ገንዘቡን በባንክ አስተላልፉ፤ የባንክ ደረሰኝ ምስክር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን ለአካባቢው ፖሊስ አሳዩ፣ በጀልባ መቆሚያዎችም አስጠይቁ። እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቆጣም። «ካላመናችሁኝ ይቅር» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ በሉ ይቅር!

ከገዛችሁ በኋላ የቁጥሩን ፎቶ ለልጃችሁም ለባለቤታችሁም በቴሌግራም ላኩ፤ ስልካችሁ ውኃ ቢገባ ማስረጃው አይጠፋም። ከብት ላይ ምልክት እንደምታደርጉ ሁሉ ሽፋኑ ውስጥ እናንተ ብቻ የምታውቁት ምልክት አድርጉ። ያ የተሰረቀበት ሰው ንብረቱን ያገኘው በአንዲት ፎቶ ነው።

ሰው በክፍያ የምታጓጉዙ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሀገር ውስጥ የውኃ ትራንስፖርት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ሥራ ነው። በወረዳችሁ በኩል ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ ሰው አትጫኑ።

በጋራ የምትገዙ ከሆነ አንድ ደብተር ይኑር። ማን ነዳ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር፣ መቼ ዘይት ተቀየረ፣ ምን ተበላሸ ይጻፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ነገር ግን ደብተር የሌለው የጋራ ሞተር ሁሉም ይነዳዋል እንጂ ማንም አይጠግነውም። ስትሸጡትም ደብተሩ ዋጋ ያወጣል። ደብተር ያለው አሮጌ ሞተር ከእኔ ዘንድ ደብተር ከሌለው «እንደ አዲስ» ሞተር ይበልጣል።

እንቦጭና ነፋስ

በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቃችን የገባው እንቦጭ የሞተርም ጠላት ነው። ፕሮፔለሩን ይጠመጥማል፣ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውን ይደፍናል። እንቦጭ ውስጥ ገብታችሁ ጋዝ አትጨምሩ። አጥፉ፣ እግሩን አንሱ፣ አጽዱ፣ በመቅዘፊያ ውጡ። ካጸዳችሁም ቁርጥራጩን መልሳችሁ ውኃ ውስጥ አትጣሉት፤ ከቁራጩ እንደገና ይበቅላል። ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው የምንወስደው እኛ እንዳንሆን።

አሮጌ ሞተር ይዞ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ ሊጠፋ እንደሚችል አስቦ ይውጣ። ሁለት መቅዘፊያ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ ገመድ፣ መፍቻና ካቻቢቴ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር። የማጥፊያ ገመዷን እጃችሁ ላይ እሰሯት፤ ሰው ቢወድቅ ሞተሩ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ጉዟችሁን በጠዋት ጨርሱ። ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ሽንኩርት የለም።

ለሚከራከሩኝ

«ይህን ሁሉ እያጣራን ሞተሩ ለሌላ ይሸጣል» ትሉኝ ይሆናል። ይሸጥ። ያን ቀን ሰባቱ ሰዎች ያ ሞተር ለሌላ ተሸጦባቸው ቢሆን ኖሮ የሚያጡት የአንድ ሳምንት ገበያ ነበር። እኔ «ፍጠኑ» ስላልኳቸው ግን ያጡት በሬ ነው።

«ቁጥር የሌለው በግማሽ ዋጋ ነው» የምትሉም አላችሁ። ለምን በግማሽ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የመለዋወጫው ስህተት፣ የዘይቱ ግምት፣ የፖሊሱ ጣጣ ሲደመር ግማሹ ሙሉ ይሆናል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ያ ሁሉ ባይደርስባችሁ እንኳ ነገ ለመሸጥ ስትፈልጉ እናንተም እንደ ደላላው «መንገድ ላይ ወድቆ ነው» ብላችሁ ልትዋሹ ነው። ስም የሌለው ሞተር የሚገዛ ሰው ካላገኘ ሌባም መስረቁን ይተዋል። የእያንዳንዳችን «አልገዛም» የጎረቤታችንን ሞተር ይጠብቃል።

እነዚያ ሰባቱ ዛሬ ሌላ ሞተር አላቸው። 15 ነው፣ አሮጌ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል። ሰሌዳው ግን በቦታው ነው፤ የውስጡ ቁጥርም ከውጩ ጋር አንድ ነው። ለመግዛት ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። እኔ ተጠርቼ ነበር፤ እኒያ አባት ግን ከእኔ ቀድመው ሽፋኑን ከፍተው በስልካቸው መብራት ቁጥሩን ሲያነቡ አገኘኋቸው። «ጥርሱን አየሁት» አሉኝ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ጥርሱን እዩ። የሞተራችሁን ሰሌዳ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ብትልኩልኝ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ የሚያውቅ መካኒክ ፈልገን እንጠይቃለን። ቁጥሩን ግን አስተያየት መስጫው ላይ ለሕዝብ አትለጥፉት። ይህን ጽሑፍ ሞተር ሊገዛ ላሰበ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ አጋሩት።

መልካም የሥራ ሳምንት፣ ሰላም ግቡ።